የአያት ስም ቦታ ያጣብባል ላሉት ሥራ አስኪያጅ

ደሴ፣ ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወርቅአፈራሁ ፋሲካ
የግል ክሊኒክ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከነመላው ቤተሰብዎ በደህና ያግኝዎት፤ ጤናዎን የምመኝልዎት ከአንጀቴ ነው፣ ቢታመሙ በራስዎ ክሊኒክ መታከምዎ አይቀርምና፣ እሱን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ስለሺ አግማስ፣ ደሴ ፒያሳ ከፎቶ ቤት በላይ ባለች ክፍል ተቀምጬ ለመጣ ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምሠራ፣ የክሊኒክዎንም የሕሙማን ካርድ ፕሮግራም የሠራሁልዎ ሰው ነኝ። በክፍያ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳያጉላሉ ከፍለውኛል። ቅሬታዬ ምክሬን ጠይቀው ሲያበቁ አንዱንም ባለመስማትዎ ነውና በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ከበሽተኛው ስምና ከአባቱ ስም ቀጥሎ የአያቱም ስም ይግባ ብዬ ብለምንዎት፣ ውጭ አገር ለጉብኝት ሄደው ባዩት ሆስፒታል ሁለት ስም ብቻ እንደሚበቃ ነግረውኝ፣ የአያት ስም ገጹን ያጣብበዋል ብለው አስወጡት። ጌታዬ አገሩ ወሎ ነው፣ መሐመድ አሊ ተብሎ ቢጠራ ከደሴ የወረደው ሚኒባስ ግማሹ አቤት ይላል ብልዎት ሳቁ። ሳቅዎ ያምራል።

2ኛ. ካርድ ተደራረበብን ብለው፣ ስማቸው አንድ የሆነውን ሁሉ ኮምፒውተሩ በራሱ እየሰበሰበ አንድ ሰው ያድርጋቸው አሉ። ኧረ ሰው ይጎዳል ብል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዘውት በመጡት ግምገማ ላይ የለውጥ እንቅፋት ተባልኩ። እምቢ ማለቴን ሲያዩም የወንድምዎን ልጅ አምጥተው እንዳሉት አስደረጉትና የእኔን የይለፍ ቃል ዘጉ።

3ኛ. መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሲመጣ በቀይ ብቅ የሚለው ማስጠንቀቂያ ደንበኛ ያስደነግጣል ብለው ወደ ታች ጥግ አስወረዱት፤ በቦታው የራስዎን ፎቶ ከነክራቫትዎ አስቀመጡ። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፣ አልዋሽም።

ይህን ሁሉ የምለው ለምን መሰለዎት? ገራዶ የምትኖረው፣ እንደ ልጇ ያሳደገችኝ አክስቴ የኔነሽ ሞላ ፔኒሲሊን አይስማማትም፤ ከተወጋች ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ ያጥራታል። ቦሩ ሜዳ ደግሞ ሌላ ወይዘሮ የኔነሽ ሞላ አሉ፣ እሳቸው ፔኒሲሊን ምንም አይላቸውም። ፕሮግራምዎ ሁለቱን አንድ ሴት አደረጋቸውና የኋለኛዋ ካርድ የአክስቴን ማስጠንቀቂያ ሰረዘው። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክዎ መጥታ የፔኒሲሊን መርፌው ተዘጋጅቶ ሳለ ነርሷ ከይሪያ ይስማማሻል ወይ ብላ በአፏ ባትጠይቃት ኖሮ አክስቴን ቀብሬ ነበር። ከይሪያን ያመሰግኗታል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ እርስዎ በአፍ ጠየቅሽ ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋታል፤ ከሲስተሙ ውጭ የሚነገር ነገር ተቀባይነት የለውም የሚል ማሳሰቢያም በየበሩ አስለጥፈዋል።

ሰኞ አክስቴ በክሊኒክዎ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሌላ ቦታ እንውሰድሽ ብላት ሐኪሙን አምኜዋለሁ ብላ አሻፈረኝ አለች። በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ግን ከይሪያም ብትሆን ማንን ትጠይቃለች? ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ እቀመጣለሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ ስንቴ ከቢሮዎ በር እንደተመለስኩ ጸሐፊዎ ትነግርዎታለች፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት። ፈርቻለሁ ጌታዬ። የይለፍ ቃሌን ቢመልሱልኝ ለሁለት ሴቶች ሁለት ካርድ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በነጻ እሠራዋለሁ፣ ፎቶዎንም አልነካውም።

ስላስተማሩኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ለስብሰባዎችዎ መልካም ፍጻሜን፣ ለበሽተኞችዎ ደግሞ ብርቱ ዕድልን የምመኝ፣

የለውጥዎ እንቅፋት
ስለሺ አግማስ

ማስታወሻ፦ የቦሩ ሜዳዋን ወይዘሮ የኔነሽን አፈላልጌ አግኝቻቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ከአክስቴ ጋር ተያይዘው ቢሮዎ ይገባሉ። ማንኛዋ በፔኒሲሊን እንደምትሞት ሐኪሙ ባሉበት ከሲስተምዎ አይተው ይለዩልን። የአያታቸውን ስም ከጠየቋቸው ወዲያው ይነግሩዎታል፤ እስኪጠይቁ ድረስ ግን ትንፍሽ እንዳይሉ አደራ ብያቸዋለሁ።