«ማርያም፣ አ.» የሚባል ተመራማሪ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ከአቃቂ በሰቃ ታክሲ የለም። እስከ ቃሊቲ ባጃጅ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ቆሜ። ላቦራቶሪ ስደርስ ሴሎቼ ደህና አድረዋል። እኔ ግን ገና ጋዋን ሳልለብስ ስልክ ተደወለልኝ። የዕድገት ኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያቀረብኩት አይበቃም። ጽሑፍ አለሽ፣ የሚጠቅስሽ ሰው ግን የለም፤ ትልቁ ጽሑፍሽ ኮምፒውተር ላይ በስምሽ አይወጣም፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚቆጥረው እዚያ የወጣውን ነው አለችኝ። እስከ ሌላው ሳምንት ዓርብ ካልተስተካከለ ፋይሉ ይዘጋል። ዕድገቱ ካለ የራሴ ላቦራቶሪ ይኖረኛል። ከሌለ በክፍላችን ኃላፊ በዶ/ር አ. ሥር እቀጥላለሁ።

ጽሑፉን ፈለግኩት። አገኘሁት። ዶ/ር አ. የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ ከጽሑፎቹ ዝርዝር አናት ላይ።

ሰማኸኝ ደብተሬ? የክፍላችን ኃላፊ በጣቱ ያልነካው ሥራ። የካንሰር ሴል «ተከፈል» የሚል ምልክት ሳይደርሰው እንዴት እንደሚከፈል ያሳየሁበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ከጄኔሬተር ጋር የተሟገትኩበት።

ነገሩ የስም ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የለንም፤ ያለን አባት ነው። አባቴ ሀብተ ማርያም። ጽሑፉ ላይ ሙሉ ስሜ አለ፣ የሚጠቅሱኝ ግን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ቆርጠው ወስደው «ማርያም፣ አ.» ይሉኛል። የዶ/ር አ. አባት ተክለ ማርያም፤ የእኔም የእሱም ስም በ«አ» ይጀምራል። እሱም «ማርያም፣ አ.» ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው አደረገን። ሰውየውም እሱ ሆነ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ለት. ነገርኳት። ቢሮም ማይክሮስኮፕም እንጋራለን። ሳቀች።

«አይዞሽ፣ ለእመቤታችን ነው ያሳተምሽላት። ዋጋሽ በሰማይ ነው። እዚያ ደግሞ ኮሚቴ የለም።»

እኔም ሳቅኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ተመልሼ የሴሎቹን ምግብ ቀየርኩ። እነሱ የማን እንደሆኑ አይጨንቃቸውም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ዶ/ር አ. ዘንድ ገባሁ። ሻይ አዘዘልኝ። ማሽኑ ነው ያደረገው አለ። መቼ እንዳዩት ጠየቅኩ። ቆየ እኮ አለ፣ ምንም ሳይመስለው። ታዲያ ያንሱታ፤ በአንድ ጣት የሚነሳ ነገር ነው አልኩት። አይሆንም አለ። ለፕሮፌሰርነቱ ተቆጥሮለታል፤ አሁን ቢወርድ ሰው ምን ይላል?

መላ አለው። አሁን የጨረስኩት ጽሑፍ ላይ ስሙን ላስገባ። እሱ ደግሞ የድሮውን አብረን ነው የሠራነው ብሎ ለኮሚቴው ይጽፍልኛል። የዕድገቱ ጉዳይ አለቀ።

«እህቴ፣ ስም ምን ያደርግልሻል? ሥራው የአገር ነው።»

የአገር ከሆነ እሱ ገጽ ላይ ምን አስቀመጠው? አላልኩትም። እሺ፣ ላስብበት አልኩ። እሺ! ሳሪስ እስክደርስ ድረስ ያቺ ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ሻዩን ደግሞ ጨርሼ ነው የወጣሁት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አባባ ከቅዳሴ ተመለሱ። ነገርኳቸው። መጠቀስ ምን እንደሆነ ማስረዳት ቸገረኝ። ሌላ ሰው ሲጽፍ፣ ይህን ያገኘችው እሷ ናት ብሎ ስሜን መጥራቱ ነው አልኳቸው። እንደ ምስክር? አዎ፣ እንደ ምስክር።

ስማቸው መቆረጡን ስነግራቸው ቅር አላቸው። የማርያም ሀብት ተብዬ ሀብቱን ጣሉት በይኛ አሉ። ቀጥለው የሰውየውን አባት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እና የሀብተ ማርያም ልጅ ሥራ ተክለ ማርያም ቤት ምን ይሠራል?»

ተነስቼ ምሳቸውን አቀረብኩ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

አዲሱ ጽሑፍ ለመላክ ተከፍቷል። የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ዶ/ር አ. በሩ ላይ ብቅ ይላል። ላክሽው? ገና። ይሄዳል። ይመለሳል።

«ሀብተማርያም» ብዬ ጻፍኩ። ገጥሜ። በመሀል አየር አይገባም። ከሥሬ የት. ስም። ከዚያ በኋላ ማንም የለም።

ት. መጥታ አየች። ይህን ስም ማሽኑ አያውቀውም፣ የድሮው ጽሑፍሽ ከዚህ ጋር አይገናኝም አለችኝ። አውቃለሁ። አንድም ሰው ያልጠቀሳት ጀማሪ ትሆኛለሽ። አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜሽ?

ላክሁት።

ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወልኩ። ዓርብን አትጠብቂ፣ ፋይሌን ዝጊው አልኳት። ምክንያቱን ምን ልበል አለች። የዶ/ር አ.ን ገጽ ክፈቺ፣ አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አውጪና የጸሐፊውን ሙሉ ስም አንብቢ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ስትጫን ይሰማኛል።

«ውይ፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ነበርኩ አልኳት። ምክንያት ብለሽ ያነበብሽውን ጻፊ።