ከጋራዡ ወለል ስር

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከሰዓት
እስከ ደረቴ ደረሰ። ጉድጓዱ ማለቴ ነው። መኪናው ከላይ ይቆማል፣ እኔ ከስሩ ቆሜ እሠራለሁ። በጀርባ ተኝቶ መንፏቀቅ ሊቀር ነው። አዲሱ ገበያ ሰፈር፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ፣ ስንት ዓመት ሲሚንቶ ላይ ተኛሁ። ወገቤ በቃው። ሐኪሙም ወይ ሥራውን ወይ አሠራሩን ቀይሪ ብሎኛል።
ግቢያችን ውስጥ የምሠራው የራሴ ጋራዥ ብሎኬቱ አልቋል። ቆርቆሮውን ትናንት አለበስን። ሁሉንም እኔና ባሌ ማርቆስ። እሱ ሸማኔ ነው፤ ግቢው ውስጥ ባለችው ክፍሉ ሲሸምን ይውልና አመሻሽ ላይ ከእኔ ጋር አፈር ያወጣል። ለአለቃዬ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ ብዬዋለሁ። በእኔ ቦታ ሰው ይዟል።
ዶማዬ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነካ። ነገ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ አመሻሽ
ድንጋዩን በብረት ፈንቅለን አወጣነው። ስሩ እርጥብ። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል። የፈነዳ ቧንቧ መሰለኝ፣ ተናደድኩ። ከእኛ በታች የሚኖሩትን ባለሱቁን ጋሽ ሙስጠፋን ጠራኋቸው። ባትሪ ይዘው መጡ፣ አጎንብሰው አዩ። ሰፈሩ ውሃ ካጣ ስንት ቀኑ፣ የምን ቧንቧ ነው የምታወሪው አሉኝ። እውነት ነው። ታዲያ ከየት?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
እስከ ጉልበት ሞልቷል። ጥርት ያለ ነው። የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ላይ አሸዋው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። ይተነፍሳል። ምንጭ ነው።
ዝም ብዬ አየሁት። ታክሲ አመለጠኝ። ይሄ ውሃ ከእንጦጦ ድንጋይ ስር ተነስቶ፣ በአልጋችን ስር ሲያልፍ ኖሯል። እኔ ከላይ ጀሪካን ይዤ እሰለፋለሁ። ማርቆስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ በባልዲ ቀዳሁ። ቀዳሁ፣ ሞላ። ቀዳሁ፣ ሞላ። ከትናንት ወዲያ አፌን ከፍቼ ያየሁትን ውሃ ዛሬ ሰደብኩት። በድንጋይና በኮንክሪት እደፍነዋለሁ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጋሽ ሙስጠፋ ሰሙኝ። አጥሩ ጋ መጡ።
«ልጄ፣ ብትደፍኚው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከበታችሽ ያለሁት እኔ ነኝ።»
ድምፃቸው ለስላሳ ነው። እጃቸው ግን የአጥሩን እንጨት ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ግድግዳቸው ጭቃ ነው። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ገባሁ። ደግ አልሠራሁም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ወሬው ወጣ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው በር ላይ። አንዷ ጠበል ነው አለች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጭንቅ ሲለኝ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። ነውም አይደለምም አላሉኝ። ውሃ ላጣ ሰው ውሃ መስጠት ምን ያስጨንቃል አሉ። ተመለስኩ። ሳይመረመር እንዳይጠጣ፣ ለልብስና ለዕቃ ብቻ፣ ብዬ በሩን ከፈትኩ።
ሰፈራችንን ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ፤ ጩኸት ነው። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ዝም። አንዲት እናት እጃቸውን ነክረው ቆዩ። ወረፋው ቆሞ ጠበቃቸው። ማንም አላጉረመረመም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ቁርስ ላይ ማርቆስ ዳቦውን እየቆረሰ፣ የእኔ ክፍል ከፍ ያለው ጋ ነው፣ ደረቅ ነው አለ። ሲሸምን እግሩን የሚያወርድባት ጉድጓድም አለች። «እሷን አስፊና ጋራዥሽን እዚያ አድርጊው። እኔ ሽሮ ሜዳ ከነአጎቴ ጋር እሸምናለሁ።» ጨው አቀብዪኝ በሚልበት ድምፅ።
ያቺን ክፍል ብቻውን ነው የሠራት፣ ሳንጋባ በፊት። ቀና ብዬ አየሁት። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም? ከውሃው ይልቅ ይሄ አፌን አስያዘኝ።
ከዚያ ክፍልህን አልወስድብህም ብዬ እምቢ አልኩት። ተጨቃጨቅን። ተነስቶ ወጣ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ
አለቃዬን አንድ ወር እንዲጨምርልኝ ለመንኩት። አልሆነም፤ አዲሱ ሠራተኛ ሥራ ጀምሯል። ስወጣ ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፣ ከፍ ያለ። አንዱ ልብሱ እንኳ መሬት ሳይነካ ከስሩ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ቆምኩ። እ... እኔ መውረድ ካልቻልኩ መኪናው ይውጣ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ አመሻሽ
ለማርቆስ ነገርኩት። መሸመኑን አቁሞ ሰማኝ። ሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በግራና በቀኝ ጎማ ልክ ተራርቆ፣ ተዳፋት መውጫ ያለው። መኪናው በላዩ ይወጣል፣ እኔ በመሃል እቆማለሁ። ጉድጓዱ በድንጋይ ይታነፃል፣ ይከደናል፤ ውሃው በቧንቧ በአጥሩ ጥግ መንገድ ዳር ይወጣል፣ የፈለገ ይቀዳል። ማርቆስ ተነስቶ በበሩ የጋራዡን ቆርቆሮ አየ። ከዚያ ጣሪያው እኮ አይበቃም፣ መኪናው ቆርቆሮውን ይነካል አለ። አውቃለሁ አልኩት። ያለበስነውን ሁሉ ማውረድ፣ ግድግዳውን ከፍ ማድረግ፣ እንደገና ማልበስ።
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ማልቀስ ሲገባኝ።
ጋሽ ሙስጠፋ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቧንቧው የት እንደሚያልፍ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። ትንሽ ቆይተው መሰላላቸውን እየጎተቱ መጡ፣ ጋራዡ ላይ አስደግፈውት ሄዱ።
ነገ ጠዋት ጣሪያውን እናወርዳለን።