«ያልተናገረ አለ?» እያሉ ስብሰባ ይዘጉ የነበሩት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን፣ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያ ሆነው ተወለዱ። በዚያ ቤት ያልጮኸ እራቱም አይደርሰውም ነበር፤ እሳቸው ግን ዝም ላለው ያስቀሩ ነበር።

የቴክኒክ ትምህርታቸውን አጠናቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በሊፍት ጥገና ድርጅት ተቀጠሩ፤ በአሥረኛው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። የሰኞ ስብሰባ አልቆ ሰው ቦርሳውን ሲያነሳ በሩን በጀርባቸው ደግፈው «ቆዩ» ይሉ ነበር። «ጋሽ ቆዩ» የተባሉትም ለዚህ ነው። ሁሉም የሳምንት ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ «ያልተናገረ አለ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ሰኞ፣ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ የጽዳት ሠራተኛ ከድርጅቱ ሕንፃ ሦስተኛ ሊፍት ሞተር ሥር በየቀኑ የሽቦ ስባሪ እንደምትጠርግ ተናገረች። የሊፍቱ የብረት ገመድ ሲታይ ግማሹ ተበልቶ ተገኘ። ሊፍቱ በዚያው ሰዓት ቆመ፤ ሴትዮዋም ዛሬ በመካከላችን ናት።

ከሒሳብ መምህርት ባለቤታቸው ጋር ሦስት ልጆች አፍርተው ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል።

ጡረታ ሲወጡ የተካቸው ሰው ይህ ነገር ሰዓት ይበላል ብሎ በመጀመሪያው ሰኞ ሻረው። እሱ ስብሰባ የሚዘጋው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እየወጣ ነው። ዛሬ ደግሞ የድርጅቱ ኃላፊዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው «የማይረሳ አስተዋጽኦ» የሚል አበባ ልከዋል። የማይረሳ ከሆነ ማን አስረሳው?

ግን በሰው ላይ ጣት ቀስሬ የራሳችንን አልሸፍንም። ታመው ሆስፒታል በተኙ በሦስተኛው ሳምንት እኛ ቤተሰቦቻቸው አልጋቸውን ከበን ተሰበሰብን። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደረግ ብዬ አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ተስማማን፤ ቦርሳችንን አንስተን ወጣን። በዚያ ክፍል ያልተናገረ አንድ ሰው ነበር፤ ማናችንም አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም ፊታችንን አይተው የቀዶ ጥገናውን ፈቃድ ፈረሙ። «ቤቴ ውሰዱኝ» ሊሉን እንደነበር የሰማነው ከነርሷ ነው፣ እሱም ካረፉ በኋላ።

ከቀዶ ጥገናው ሳይነቁ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የዝምተኛ ቃል በሚሰማበት ሥፍራ ያሳርፍልን።

አሁን ማንም አይነሳ። ቆዩ። ያልተናገረ ካለ እንጠብቃለን።