ዳማ አልሞተችም፣ ሰይዴ

ሰላም ላንተ ይሁን ሰይዴ። ካንተ ከተለየሁ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። በዱዓዬ ሁሌ አነሳሃለሁ፤ ዛሬ ግን በዱዓ ብቻ የማይወጣልኝ ነገር ስላለ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው በር መጮህ ትቷል። ታናሽ ወንድምህ ይማም ቅባት ቢጤ ቀባውና ጸጥ አለ። መኪናህን በየሳምንቱ ቅባት እያጠጣህ፣ ለገዛ በርህ ግን አሥር ዓመት ሙሉ «ነገ» ስትል የኖርክ ሰውዬ! አሁን ጩኸቱ ራሱ ናፍቆኛል። ለይማም ግን አልነገርኩትም፣ ደስ ብሎት ነው የሠራው።

የምጽፍልህ ስለ ዳማ ነው። ያቺ ቡናማ አሮጊት መኪናህ ካንተ በኋላ በይማም እጅ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው እያመላለሰች የእኔንም የእሱንም ቤት ስታበላ ቆየች። ባለፈው ወር የሐረጎን ዳገት አልወጣም አለች። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሲወጣ፣ እሷ ባዶዋን እያቃሰተች ከኋላው ትከተላለች። ይማም ኮምቦልቻ ወስዶ ለአንድ መካኒክ አሳያት። መካኒኩ ሞተሩ ላይ እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎቿን ፈትቶ የግፊት መለኪያውን በየቀዳዳው እየገጠመ ቢለካ፣ አራቱም ሲሊንደሮች ደካማ ሆኑ። ሞተሩ አልቋል፣ ለብረት ሽጧት አለ። ይባስ ብሎ፣ ለዓመታት ዘይት ሳይቀየርላት የተነዳች ናት አለ።

ይማም ይህንን ይዞ መጣና በጎረቤት ፊት፣ «ሰይድ የሞተች መኪና አስታቅፎን ሄደ» አለ። ዘይት ስትቀይር ጨርቅ አቀባይህ እኔ ነበርኩ፤ ሕመሙ በጠናብህ በመጨረሻው ዓመት ግን ያደረግከውንና የተውከውን በምን ልወቅ?

በአራተኛው ቀን ገዢ ተገኘ። መስገጃህንና መነጽርህን ከመኪናዋ ላወጣ ከይማም ጋር ኮምቦልቻ ወረድኩ። መካኒኩም ገዢው እንዲያይለት እንደገና ሊለካ ተነሳ። ውጭ ቆሞ እጁን በመስኮት አስገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ የመለኪያው መርፌ ትንሽ ብድግ ብሎ ቀረ። እኔ ግን ዓይኔ ባዶው ወንበር ላይ ቀረ። ቀኝ እግሬ በራሱ ጊዜ መሬቱን ሲረግጥ ተሰማኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ዳማን በለካህ ቁጥር «ነይ እስኪ ርገጪልኝ» እያልክ ከሥራዬ ታስነሳኝ አልነበር? ወጥ እሳት ላይ ጥጄም ቢሆን መጥቼ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች እረግጥልህ ነበር። ለምን ስልህ፣ አየር እንድትስብ ነው፣ በደንብ ያልተነፈሰ ደረት በምን ኃይሉ ይገፋል ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው መኪና ሲሠራ እንኳ ካልተያየን አይሆንለትም እያልኩ ለጎረቤት ሴቶች ስኩራራብህ ኖሬያለሁ።

በወንዶች መሀል፣ በባለሙያ ፊት አፍ መክፈት ከበደኝ። ግን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ቤንዚኑን ማን ረገጠው ብዬ ጠየቅኩ። መካኒኩ ሊስቅ ቃጣውና ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፤ እስከ ታች ረገጥኩት፤ እሱም በየቀዳዳው እንደገና ለካ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ መርፌው ሽቅብ ዘለለ። ደካማው ሦስተኛው ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው እንደ ሰው ሠራ፣ አልዋሽበትም። ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ለካ። ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች አልቀው ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍነውና ግፊቱ ከፍ ይል ነበር። ከፍ አላለም። እንግዲህ የሚያስተነፍሰው ከላይ ያለው የአየር መክደኛ፣ ቫልቩ ነው አለ። የሞተሩን ራስ ከፍቶ ሲያይ እውነትም አንድ ቫልቭ ተቃጥሏል። የሲሊንደሮቹን ግድግዳ በጣቱ ዳሰሰና፣ ይቺ መኪና ዘይት የጎደለባት አይደለችም፣ ተሳስቻለሁ አለን። ቫልቩ ተቀየረ። ዳማም ሰው ጭና ሐረጎን ወጣች።

ይማም ባለፈው ጁምዓ እነዚያኑ ጎረቤቶች ሰብስቦ፣ «ወንድሜን በሐሰት አምቼዋለሁ፣ አፉ በሉኝ» ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሁሉም ለእሱ ያለቀስኩ መሰላቸው።

ሰይዴ፣ የእኔን ማንም አያውቅም። እነዚያን ሦስት ቀናት መካኒኩንና ይማምን አምኛቸው ነበር። የመኪናዋን መሞት ደብቆን ነው የሄደው ብዬ ተቆጣሁህ። ዱዓዬ ላይ ስምህ ጋ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ፣ ዘለልኩህ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ለአንድ የማላውቀው ሰው ቃል ብዬ ሦስት ቀን ያለ ዱዓ ተውኩህ። ይኸው ነው በውስጤ አልበርድ ያለኝ።

አፉ በለኝ። ያጎደልኩብህን የሦስት ቀን ዱዓ ከፍያለሁ፣ ገና እጨምርልሃለሁ። እስከ ዕለተ ሞቴም አልረሳህም። አንተን የማስታውሰውም ሰው እንደሚያወራልኝ ሳይሆን እኔ እንደማውቅህ ነው።