ከጣሪያ ሥር የወረደው ሳንቃ

ለወንድምዓለም ለዮስ፤ ሴቪያ።

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ኢነስ በርትታ ተነሣች? ሕፃኗስ ሌሊት ታስተኛችኋለች? የአገሩ ሙቀትስ አልጎዳችሁም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባታችንም ጆሯቸው ከመክበዱ በቀር ጤነኛ ናቸው፤ ቁጣቸውም እንደ ጤናቸው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው። አንተ ስትወለድ አባታችን፣ አድገህ መሣሪያ እስክትሠራበት ይደርቅልህ ብለው ጣሪያ ሥር ያጋደሙትን የጥድ ሳንቃ ተጠቀምንበት።

ባለቤቴ አድሪያን ለቅዱስ ሉቃስ የባለሙያዎች ማኅበር አለቆች የሚያቀርበውን የፈተና ሃርፕሲኮርድ፣ ያንን በጣት የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ፣ ጨርሶ ነበር። ካላለፈ በስሙ መሥራት አይችልም፤ አባታችን የደከሙ ዕለት ሥራ ቤታችን ይዘጋል። እሱ ደግሞ ችኩል አይደል፣ ከክሮቹ ሥር ተነጥፎ ድምፁን የሚያስተጋባውን ስስ ሳንቃ በዝናብ ሰሞን አጣበቀውና አየሩ ሲደርቅ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀበት። ለዚህ የሚሆን የደረቀ እንጨት ካንተው ሳንቃ በቀር በቤቱ አልነበረም።

አባታችንን ብለምናቸው፣ «ዮስ መጥቶ ሳንቃዬ የታል ቢለኝ፣ እህትህ በላችው ልበለው?» ብለው አባረሩኝ። አኮረፍኳቸው። እውነቱን ለመናገር በአንተም ቀንቻለሁ፤ እኔ ስወለድ ማንም ሳንቃ አላጋደመልኝም።

በዚህ መሃል ደብዳቤህ ደረሰ። ቤት መግዛትህን፣ ለልጅህም የእናታችንን ስም ካተሊንን ማውጣትህን ሳነብላቸው አባታችን ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ራሳቸው መሰላሉን ወጡ። ሳንቃውን አውርደው አቧራውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ አድሪያንን፣ «ቤት የገዛ ሰው አይመለስም። እንካ ላገው፤ ካበላሸኸው ግን አንተኑ ነው የምልግህ» አሉት።

እንደ ልማዳችን ሳንቃው ላይ አበቦቹን የሳልኩበት እኔ ነኝ። ደጃችን ላይ አለ ብለህ የጻፍክልኝን የብርቱካን አበባ ጥግ ላይ አድርጌልሃለሁ። አይቼው ስለማላውቅ በግምት ነው የሳልኩት፤ አባታችን «ይሄ የጎመን አበባ ነው» ብለውኛል።

አለቆቹ የመጡ ቀን አድሪያን ላብ በላብ ሆኖ በሩ ጋ ቆመ። አንደኛው አለቃ መሣሪያውን መርምሮ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠና አንድ ዘፈን ለራሱ ተጫወተ። ያኔ ማለፋችንን አወቅኩ። አባታችን በደንብ ስለማይሰሙ መዳፋቸውን የመሣሪያው ጎን ላይ አሳርፈው ቆዩና «ልጄ መጣ» አሉ። እኔም አለቀስኩ።

በማግሥቱ ወደብ ወርደው አዲስ ሳንቃ ገዝተው መጡ። ያንተ በነበረበት ቦታ አጋድመውት በጠመኔ «ካተሊን» ብለው ጻፉበት። «ለሴት ልጅም ይጋደማል እንዴ?» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ይበቃል» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅሬታ የለኝም።

አድሪያን እጅ ነሥቶሃል። አባታችን «ጣሪያው ያፈስ እንደሆን ሳያይ ገዝቶት ይሆናል» ይሉሃል፤ ይህ የእሳቸው ሰላምታ ነው። ኢነስን እቀፍልኝ። ካተሊንን ሳምልኝ፤ ሳንቃዋ ገና እርጥብ ነውና አትቸኩል በላት።

እህትህ ማይከን

አንትወርፕ፣ በቅዱስ ሉቃስ በዓል ሰሞን፣ 1641