ያየሁት ነጭ ጭልፊት

ውድ ዊብረን፣

ዛሬ ሂስካን ይዣት ወደ ባሕሩ ግድብ ወጣሁ። ሚስትህ በሠላሳ ዓመት ትዳራችሁ አንድ ቀን እንኳ ካንተ ጋር ወፍ ለማየት ወጥታ አታውቅም፤ "ጭቃ ለማየት ብዬ በብርድ አልገረፍም" ነበር የምትልህ። ከቀበርንህ ሦስት ወር ሆነ። ትናንት ደውላ "ፍሩከ፣ ያንን ቦታ አሳዪኝ" አለችኝ። የቱን ቦታ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ እንባ የሚያስወጣው ዓይነት። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው እስከ ደሴቶቹ ድረስ ተጋልጧል። እኔና ሂስካ ጎን ለጎን እንሄዳለን፤ ከኋላችን ግን የሦስተኛ ሰው ኮቴ ይሰማኛል። ውርጭ ያደረቀው ሣር ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ፤ እኛ ስንቆም አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይቆማል። ሂስካ ምንም የሰማች አትመስልም። እኔም ዞር ብዬ አላየሁም። አንተ ድሮም ቀስ ብለህ ነበር የምትሄደው።

ያን ቀን ታስታውሳለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከማንም በላይ ታስታውሰዋለህ። የጥር ወር የዝይ ቆጠራ ነበር፤ እንደ ልማዳችን አንተ ትቆጥራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዝይዎቹ በሙሉ ባንዴ ብድግ አሉ። "ፍሩከ! በግራ በኩል! ነጭ!" ብለህ ጮህክ። የሩቅ ማያ መነጽሬን አነሳሁ። እዚህ ዳርቻ በዕድሜ ልክ አንዴ እንኳ ብቅ ማለቱ የሚያጠራጥረው፣ የበረዶው አገር ነጭ ጭልፊት፣ ዝቅ ብሎ በፊታችን አለፈ። ክንፉ ላይ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ ሳይቀር ለየሁት። አንተ እንደ ሕፃን እየዘለልክ "አየሽው? አየሽው አይደል?" አልከኝ።

"ምኑን?" አልኩህ።

እስከዚያ ቀን ያን ግድብ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሼበታለሁ፤ ዝናቡም ነፋሱም ተፈራርቆብኛል። አንተ ከከተማ ከመጣህ ገና ሁለተኛ ዓመትህ ነበር። የመነጽር አያያዝ እንኳ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ወፉ ግን ላንተ መጣ! ቅናት ነው ዊብረን፣ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሁለተኛ ምስክር ካልፈረመ የወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን እንዲህ ያለውን ወፍ አይቀበልም። እኔ ደግሞ አልፈረምኩም።

ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ሳቁብህ። የማኅበሩ ሽማግሌ ዱወ ነፋስ የወሰደው ነጭ ፌስታል ባየ ቁጥር "ዊብረን፣ ቶሎ ና እንጂ! ጭልፊትህ መጣልህ!" እያለ ሰዉን ያስቅ ነበር። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ብቻህን እዚያ ቆመህ ስትጠብቅ ከሩቅ አይቼህ መንገድ ቀይሬ የሄድኩበትም ቀን አለ።

ዛሬ ቦታው ስንደርስ ሂስካ ከፔርሙዙ የአተር ሾርባ ቀዳችልኝ። ኩባያውን ሳልቀበላት ዝይዎቹ ባንዴ ተነሱ።

"ውይ! ምን ነካቸው?" አለች።

ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር በመነጽር አሰስኩት። ምንም የለም። ሰውም፣ ውሻም፣ ወፍም የለም። ከአፌ አመለጠኝ።

"ሂስካ፣ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ጭልፊቱን አይቼዋለሁ። ዊብረን አልዋሸም።"

"ተይ ባክሽ። ለሟች ብለሽ አትዋሺ።"

"እውነቴን ነው።"

"ፍሩከ!" ሾርባው እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ልብም አላለችው። "ሆስፒታል በተኛ በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዞ 'አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?' አለኝ። ምን ያልኩት ይመስልሻል? 'ዛሬም ይሄን ነገር አልተውከውም? በቃ ተኛ!' አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራኝ። እና አሁን እውነት ነበር ልትይኝ ነው?" ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ለሱ ብለሽ ነው አይደል? በይ እንጂ፣ ንገሪኝ!"

ዊብረን፣ ትንፋሽህ ማጅራቴ ላይ ነበር። እምልልሃለሁ፣ እውነቱን ልደግምላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያቺ ሴት በቁሟ ልትፈርስብኝ ነው። አንጀቴን በላችው።

"አዎ፣ ለሱ ብዬ ነው" አልኳት። "ምንም አላየሁም።"

እፎይ ብላ አለቀሰች። አቅፋኝም "ደግ ነሽ" አለችኝ። ደግ!

ያኔ በቅናት ካድኩህ፣ ዛሬ ደግሞ በርኅራኄ። ላንተ ያው እንደሆነ አይጠፋኝም። ይቅር በለኝ ለማለትም ድፍረቱ የለኝም። ሂስካ በሕይወት እስካለች ድረስ ግን ይህን ነገር ለማንም አልተነፍስም።

እሷ ደግሞ ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች።

ሁለቴ የካደችህ ጓደኛህ፣
ፍሩከ