ለእንግዳ ሲባል ውሃ ለጠጣው ማሽላ

ለተከበሩ የሰብል ምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ እንግዶች ተቋማችንን ከጎበኙበት ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ ስላቃተኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ ግማሹን ቆሜ ግማሹን ኮሪደር ለኮሪደር እየተመላለስኩ የጻፍኩት ስለሆነ፣ የአጻጻፌን መወላገድ በታላቅ ትህትና ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ ላመስግን። ሙቀቱና ብርሃኑ በማሽን በሚመጠነው ክፍላችን ያበቀልኳቸው ማሽሎች ውሃ የተከለከሉት በእኔ ክፋት ሳይሆን፣ የትኛው ዘር ጥም እንደሚችል ለመለየት ነበር። ዘሩን የሰጠችኝ አክስቴ ናት። ዝናብ በቀረበት ዓመት ማሳዋ ላይ ከቆሙት ጥቂት ዛላዎች ከየዓይነቱ ለቅማ፣ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልኝና «ከነዚህ ውስጥ አንዱ ጀግና ነው፤ የትኛው እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ፣ ለከርሞ እሱን ብቻ እዘራለሁ» አለችኝ። ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሮ፣ ደካማው ከብርቱው ሊለይ ጥቂት ሲቀረው፣ በጉብኝቱ ዋዜማ እርስዎ ክፍሉን ሊያዩ ገብተው አዘኑላቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ። ሁላችንም ጋሽ ቀስታ የምንለው አትክልተኛ የሆነውን ሁሉ ነግሮኛል። «እነዚህ ምስኪኖች እንግዳ ፊት ሊያዋርዱን ነው፤ አጠጣቸው» አሉት። «ጌታዬ፣ ልጅቷ ጠብታ እንዳይነካቸው ብላለች» ቢልዎ፣ «የዚህ ቤት ኃላፊ ልጅቷ ናት ወይስ እኔ?» ብለው ጠየቁት። ጥያቄው እምብዛም ስላልከበደው የውሃ ማጠጫውን ጎማ አነሳ። በማግስቱም ጠዋት ድጋሚ አስጠጡ። ከእንግዶቹ ኋላ ስገባ ማሽላዬ ሁሉ እንደ ሚዜ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። «እነሆ፣ ድርቅን የተቋቋሙ ዘሮቻችን!» ሲሉ ከችግኝ ዕቃዎቹ ሥር ውሃው ገና ይንጠባጠብ ነበር። ጭብጨባው ደማቅ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ።

ቅሬታዬን ሳቀርብም አፋጣኝ እርምጃ መውሰድዎን ሳላነሳ አላልፍም፤ ጋሽ ቀስታን ከአትክልት አንስተው መኪና ማቆሚያው በር ላይ አቆሙት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አሁን በየጠዋቱ ለመኪናዎ በር ይከፍታል፣ እኔን ሲያይ ግን አንገቱን ይደፋል። «ልጄ፣ ልፋትሽን ገደል የከተትኩት እኔ ነኝ» ይለኛል። አይደለህም ብለው አያምነኝም፤ ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የወጣውም በዋናነት እሱ እንዲያነበው ነው።

ሙከራውን እንደገና ልጀምር ብል ደግሞ ክፍሉ ለሌላ ጉብኝት ተይዟል ተባልኩና ቁልፉን ተቀበሉኝ። በዚህ መሀል አክስቴ ደወለች።

«እህስ፣ የትኛው ቻለ?»

«ሁሉም ቻለ፣ ውሃ ጠጥቶ» አልኳት።

«እንግዲህ የዘር ወቅት እኔን አይጠብቅም» ብላ ያላትን ሁሉ ቀላቅላ ዘራች።

የተቋሙን ገጽታ ለማስዋብ የሚያደርጉትን ያላሰለሰ ጥረት እያደነቅሁ፣ ጋሽ ቀስታን ወደ ችግኞቹ እንዲመልሱልኝ ዝቅ ብዬ እየለመንኩ፣ ለመጪዎቹም እንግዶችዎ የጎማው ውሃ እንዳይቋረጥብዎ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ጊዜዎ ላይ ስለወሰድኩት ደቂቃ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሁሌም አክባሪዎ፣
በሯ የተዘጋባት የማሽላ ተመራማሪ

ማስታወሻ፦ ዝናቡ ዘንድሮም መንገድ ላይ ቀረ። ትናንት ወደ አክስቴ ማሳ ሄጄ ነበር፤ አብዛኛው ደርቆ ጥቂቱ ቆሟል። ስለዚህ እርስዎ ያቋረጡት ሙከራ ተጠናቋል፤ በምርቷ የከፈለችበት ግን እሷ ናት። እዚያ የሚታፈርበት እንግዳ ስላልመጣ፣ አጠጡ ያለም ሰው አልነበረም።